ቆሞ የጠበቀው ቤት

ፖስታው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢሮውን ሁሉ ዞሯል። ከመዝገብ ቤት ወደ እቅድ ክፍል፣ ከእቅድ ወደ ባህል ክፍል፣ ከባህል ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤት። ሁሉም ከፍቶ ያየዋል፤ እንግሊዝኛ መሆኑን ሲያይ ለሚቀጥለው ይመራዋል። ለውጡ በመጣ ማግስት ነው። ጅግጅጋ ካለፈው ክረምት ሁከት ገና አላገገመችም፤ የአንዳንድ ሱቅ በር እንደተቃጠለ ነው፤ እኛም ቢሮ ሰው ወንበሩን ሳይለምድ ይቀየራል። እኔ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበርኩ። አዲሱ ኃላፊያችን ፖስታውን ይዘው መጡና ኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጡት።

«አንቺ መዝገበ ቃላት አለሽ ይባላል» አሉኝ።

«አለኝ።»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፎካል ነሽ፤ የዚህ ጉዳይ ተጠሪ።»

የሹመቴ ሥነ ሥርዓት ይኸው ነበር። ፎካል ማለት ደብዳቤ ሲዘገይ የሚወቀሰው ሰው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አሥረኛ ክፍል ላይ አባቴ ሲሞት ትምህርት አቁሜያለሁ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሶማልኛውን ከካምፑ አጥር ወዲያ ካሉ ልጆች ጋር ስጫወት ለመድኩት። እንግሊዝኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም። ጎረቤታችን መድኃኒት ቤት ይሠራ ስለነበር ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የተጣጠፈ ወረቀት ያመጣልኛል፤ እኔ ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላት እያወጣሁ አነበዋለሁ። ስለዚህ «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለውን ያወቅሁት «እንደምን አደርሽ» ከሚለው በፊት ነው። ያ ፎርም ሲመጣም አልፈራሁትም። የመድኃኒት ወረቀት መሰለኝ፤ ረጅም፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ማስጠንቀቂያ የበዛበት።

የመጣው አዲስ አበባ ካለው የአገራችን ኮሚሽን ነው። ነገሩን ለራሴ ያስረዳሁት እንዲህ አድርጌ ነው። ውጭ አገር፣ ብዙ አገሮች የተሰባሰቡበት፣ ስለ ባህል የሚሠራ አንድ ትልቅ ድርጅት አለ። ድርጅቱ ከእኔ ጋር አይነጋገርም፣ ከቢሮዬም ጋር አይነጋገርም። የሚነጋገረው ከአገር ጋር ነው። አገር ደግሞ ስልክ አያነሣም። ኮሚሽኑ ያነሣለታል። ከዚያ ኮሚሽኑ ለክልሎች ይጽፋል፣ ክልል ለዞን ይጽፋል፣ ዞን ለወረዳ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ አቧራ ላይ ሄዶ «እናንተ ጋ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ፎርሙ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ከሕዝባችሁ መካከል አሁንም በእጅ የሚሠራ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ዓለም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ካለ ጻፉ፤ ፎቶ አያይዙ፤ የባለቤቶቹን ፈቃድ በፊርማ አቅርቡ፤ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል።

ያን ዓመት መጋቢት ላይ ሲቲ ዞን ወረድኩ። ከጅግጅጋ በሐረር አድርጎ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሽንሌ፣ ከዚያ ሐዲዱን ይዞ አዲጋላ። አዲጋላ የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበት ከተማ ነው፤ ባቡሩ ቆሟል፣ አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር ሽው ብሎ ያልፋል፣ ከተማው መሀል ላይ ተቀምጧል። ከጣቢያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ቤቶች መካከል፣ አንድ አቃል አየሁ። አቃል የዘላኖቹ ቤት ነው፤ የጎበጡ የዛፍ ሥሮች ይተከሉና በምንጣፍ ላይ ምንጣፍ ይለብሳል። ዛሬ ብዙው አቃል ሸራና ማዳበሪያ ነው የሚለብሰው። ይኸኛው ግን ከላይ እስከ ታች ምንጣፍ ነው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ እንደ በግ ጀርባ ጸጉር ያለው።

ባለቤቷ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። አዲጋላ ሁሉ አዬዮ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔንም ወዲያው «ሆዮ» አሉኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ትልልቆቹ ሴቶች ትንሿን ሴት የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

«ምንጣፉን ማን ሠራው?» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱና ድዳቸውን አሳዩኝ። ከፊት ሁለት ጥርስ ብቻ ቀርቷል።

«ጥርሴ ነው የሠራው። የግራር ልጥ ታኝኪያለሽ፣ ታኝኪያለሽ፣ ክር ሲሆን ትፈትይዋለሽ። ግማሹን እናቴና አክስቶቼ አኝከው ስዳር ሰጡኝ። ግማሹን እኔ። አሁን ብትለምኚኝም አንዲት ክንድ አልሠራልሽም። ምን ይዤ?»

የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳቀች። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አዬዮ በአገጫቸው አመለከቷት።

«የመጪው ዝናብ ላይ ትዳራለች። ቤቱን አፈርሰውና ደህና ደህናውን ምንጣፍ ለእሷ እሰጣለሁ። ሴት ቤት ይዛ ነው የምትሄደው። ወንዱ ግመሉን ያመጣል፣ ቤቱ የእኛ ነው።»

ደስ አለኝ፤ ደነገጥኩም። ፎርሙ የጠየቀው ነገር ቁጭ ብሎ እያየሁት፣ ከጥቂት ወር በኋላ ይፈርሳል። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት።

«አዬዮ፣ ሰዎች መጥተው እስኪያዩት ድረስ አያፍርሱት።»

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

ነገሩን እንደገባኝ አስረዳኋቸው፤ የውጭውን ድርጅት፣ ኮሚሽኑን፣ ቢሮውን፣ ፎርሙን። ሲያልቅ «አማላጅ ነው በይኛ» አሉ።

«ማን?»

«ያ አዲስ አበባ ያለው። እሱ አያገባ፣ ልጅ አይሰጥ። ከዚህ ቃል ይወስዳል፣ ከዚያ ቃል ያመጣል። አንቺ ደግሞ የአማላጁ አህያ ነሽ።»

የልጅ ልጃቸው በሻሿ አፏን ሸፈነች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ከዚህ አሳጥሮ የገለጸልኝ ሰው የለም።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

«ስድስት ወር።»

ስድስት ወር ያልኩት ፎርሙ ላይ ስለተጻፈ ነው። አዬዮ ልጅቱን አዩ፣ ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «ሰርጓን እናዘገያለን» አሉ። ያን ጊዜ ቃሉን ብመልሰው ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሌላም ነገር ተናገርኩ። ፎርሙ ስለ ፎቶ አንድ ገጽ መመሪያ ነበረው፤ የሚታየው ነገር ንጹሕና ግልጽ ይሁን ይላል። አቃሉ ውስጥ ስገባ ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፤ አዬዮ ጠዋትና ማታ እሳት የሚያነዱት እዚያው ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በመድኃኒት ወረቀት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መመሪያ ሲሰጠኝ አልከራከርም።

«አዬዮ፣ እሳቱን እስከዚያ ውጭ ቢያደርጉት። ለፎቶ እንዳይጠቁር።»

«ያለ ጭስ?» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «ሰዎቹ ጭስ አይወዱም?»

«አይወዱም መሰለኝ።»

ያን ቀን ማታ ሦስቱን ጉልቻ አውጥተው ከበሩ ፊት ተከሉ። እኔም ድሬዳዋ አድሬ፣ ደስ እያለኝ ጅግጅጋ ገባሁ።

ፈቃዱን ለማስፈረም ኃላፊያችን ራሳቸው አብረውኝ ወረዱ። አዲጋላ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ጉዳዩ ተነገረ፣ ተመከረ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ጫት ተበጠሰ። አንድ ቀይ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ አዴር እላቸዋለሁ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ለሁሉም ተናገሩ። አቃል የአባቶቻችን ክብር ነው፣ ዓለም ይወቀው፣ ፈቅደናል አሉ። ሁሉም ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ኃላፊያችን ክቡን ማኅተም መቱበት። እኔ ወረቀቱን እያናፈስኩ ሳደርቅ ሴቶች ከወዲያ ውኃ ቀድተው ሲያልፉ አያለሁ። አየሁ ነው የምለው፤ ምንም አልታየኝም።

ከአራት ወር በኋላ ኮሚሽኑ ውስጥ ፋይሉን የያዘችው ሴት ደወለች። በስልክ ነው የምንተዋወቀው፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ ፎቅ በእግሩ የወጣ ሰው ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ ፋይልሽን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽፈሻል።»

«አመሰግናለሁ።»

«ገጽ ሦስት ላይ አቃል የሚሠሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ወንድ እጁን አያስገባም ብለሻል።»

«አዎ፣ ነውር ነው።»

«እሺ። የፈቀዱት አሥራ አንድ ሰዎች ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

ሴት ነኝ። ቤቱን የሠራችውን ሴት ጥርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያም ሆኖ ጣት ያሳተምኩት ግመሉን የሚያመጡትን ሰዎች ነው። ኃላፊያችን ቢጠፋቸው አይገርምም፤ እኔ ምን ነካኝ?

«ውጭ ቢሄድ በማግስቱ ይመልሱታል» አለች ቀስ ብላ። «ስህተቱ እኔ ጋ ቢገኝ ይሻላል።»

ስለዚህ እንደገና ወረድኩ። አዴርን መጀመሪያ ማነጋገር ነበረብኝ፤ ሳላስፈቅድ ሴቶቹን ብሰበስብ ሽማግሌዎቹ ያኮርፋሉ። ነገርኳቸው። ቀይ ጢማቸውን አሻሹ።

«ቤቱ የእነሱ ነው፤ እውነት ነው» አሉ። «ንግግሩ ግን የእኛ ነው።»

«አዴር፣ አሁን ንግግሩንም ፈልገውታል።»

«ይሁን፣ ውሰጂ። ሲናገሩ ግን ምሳ ይዘሽ ቁጭ በይ፤ አያልቅም።»

እውነታቸውን ነበር። ሃያ ሴቶች በአዬዮ አቃል ውስጥና ደጃፍ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ተከራከሩ። አንዷ ጣት የሚወሰደው ለእርዳታ ስንዴ ነው፣ ስንዴው የታለ አለች። ሌላዋ ጣታችንን ከወሰዱ በኋላ ቤቱን ይወስዱታል አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ይውሰዱት፣ ተሸክመው ይሞክሩት፣ ወገባቸው ይቀጠፍ አለች። በመጨረሻ አዬዮ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና መጀመሪያ አተሙ። ሌሎቹ ተከተሉ።

ወረቀቱን ስሰበስብ ከውጭ ያለውን ጉልቻ አየሁት። አዬዮ እዚያው አቃል ውስጥ ነበር የሚተኙት፤ ግን ብርድ እንደሆነባቸው ነገሩኝ። እሳት የሌለበት ቤት ባዳ ይመስላል አሉ። እኔም «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ይህችን ቃል እንዳልኳት አላስታውስም።

ትንሽ አልነበረም። ሁለተኛው ፋይል ኮሚሽኑ ሲደርስ ማኅተሙ ላይ የቢሮው የድሮ ስም ነበር፤ ስሙ መቀየሩን ያወቅነው ሲመለስ ነው። አዲስ ማኅተም እስኪቀረጽ ጠበቅን። ማኅተሙ ሲመጣ ኮሮና መጣ፤ ጉዞ ተከለከለ። ኮሮና ሲላላ ሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ባለሙያዎቹ በጀታቸው ታጠፈ፣ መኪናቸው ተወሰደ። ኮሚሽኑም በመካከሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ወጥቶ ሌላ ሥር ገባ ተባለ፤ ያቺ ሴት ፋይሎቿን በካርቶን ይዛ ቢሮ ቀየረች። ኃላፊዎቻችን ሦስት ጊዜ ተቀያየሩ። ለእያንዳንዳቸው ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳለሁ። እያንዳንዳቸው «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥይበት» ይሉኛል። መቀጠል የሰለቸኝ ያኔ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እደክማለሁ፤ ቤቴ ገብቼም ድካሙ ጫማውን አውልቆ ይቀድመኛል።

በየሁለት ሦስት ወሩ አዲጋላ እደውላለሁ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ታነሣና ለአዬዮ ትሰጣቸዋለች።

«መጡ?» ይላሉ አዬዮ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ገና ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው። ቤቱ እንዴት ነው?»

«ቆሟል።»

ሁለተኛው ዓመት ላይ ልጅቱ ተዳረች። ሙሽራው የሽንሌ ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅም አለ፣ ማን ይፈርድበታል። ቤት ይዛ አልሄደችም። አዬዮ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባለ አበባ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሰጧት። ስደውል አያቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበርና ይህንን የነገረችኝ ራሷ ልጅቱ ናት፤ ድምፅዋ ቅሬታ የለውም፣ እንደ ዜና ነው የነገረችኝ። «የእኔ ምንጣፍ እንግዳ እየጠበቀ ነው» አለችኝና ሳቀች። ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከመዝገብ ቤት አንዷ ወጥታ ምነው፣ ምን ሆነሻል ስትለኝ ምንም አልኳት።

በሦስተኛው ዓመት ድርቁ መጣ። አዬዮ ልጃቸው ወደሚኖርበት ቆርቆሮ ቤት ገቡ። አቃሉ ባዶውን ቀረ። ይህንንም በስልክ ሰማሁ። ባዶ መሆኑ አላስጨነቀኝም፤ እንዲያውም ለፎቶ ንጹሕ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልጻፈው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአራት ዓመት በላይ አልፎ፣ ዝናቡም ተመልሶ፣ ያቺ የኮሚሽን ሴት ደወለች።

«እህቴ፣ ቁርጥ ሆኗል። ራሴ ነኝ የምመጣው። ካሜራ ይዤ፣ ሐሙስ ጠዋት አዲጋላ ነኝ።»

እኔ ረቡዕ ገባሁ። ሽንሌ ሳልፍ ልጅቱን ይዤያት ሄድኩ፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። አቃሉ ከሩቅ ታየኝ፤ ቆሟል። አዬዮ ከቆርቆሮው ቤት ወጡ። አጥንታቸው ቀርቷል፤ እነዚያ ሁለት ጥርሶችም የሉም።

አቃሉ ውስጥ ገባሁ። ሽታው ሌላ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከግድግዳው አንዱን ምንጣፍ ገለጥ ላደርግ ያዝኩት፤ እጄ ውስጥ ተፈረፈረ። ከሥሩ መሬቱ በምስጥ ጭቃ ተለስኗል። ሌላውን ያዝኩ። ፊቱ ምንጣፍ ነው፣ ጀርባው የለም። ከጣሪያው በታች ያለው ሁሉ፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና የመሰለው፣ ቆዳው ብቻ ነው የቀረው።

ወጣሁ። አዬዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ጀመረ።»

«አልነገሩኝም።»

«ቤቱ እንዴት ነው አልሽኝ፣ ቆሟል አልኩሽ። ይኸው ቆሟል።»

«አዬዮ፣ ለምን?»

«አቃል መቀመጥ አይወድም» አሉ፤ እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው። «ትነቅይዋለሽ፣ ታራግፊዋለሽ፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ግመል ላይ ይወጣል፣ ሌላ መሬት ላይ ትተክይዋለሽ። ውስጡ እሳት ታነጂያለሽ፣ ምንጣፉ ጭሱን ይጠጣል፣ ምስጥ አይደፍረውም። አንቺ መጥተሽ እንዳይነቀል አልሽ። እሳት አይግባ አልሽ። እኔም ሰዎቹ እንዲህ ነው የሚወዱት ብዬ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ያውቃል መቼም።»

አዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲህ አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ፎርሙ ስለ እሳት አንድ ቃል የለውም፤ ንጹሕ ይሁን ከሚለው ተነሥቼ ጉልቻውን ያስወጣሁት እኔው ነኝ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወይ አልገረማቸውም፣ ወይ ከዚያ በፊት ገብቷቸዋል።

ከዚያ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። «ነገ ጠዋት ትመጣለች» አልኳቸው። «ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። አንድ ቀን ብቻ ይቁም። የተበላውን በኩል ወደ ኋላ እናደርገዋለን፤ ፎቶ ታነሣና ትሄዳለች፤ ከዚያ ያፈርሱታል።»

ልጅቱ ናት የመለሰችልኝ። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው።

«ስድስት ወር ብለሽ አራት ዓመት ቆየሽ፣ አክስቴ» አለች። «ምስጡ ነገ አያርፍም።»

አዬዮ ተነሡ። ከአንዱ ጥግ ማሠሪያውን መፍታት ጀመሩ። ሌሎች ሴቶችም ከየቤቱ መጡ፤ ማን እንደጠራቸው አላየሁም። እኔ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ አንዷ «አባትሽ ወታደሩ አላስተማረሽም? ያዢው» ብላ የምንጣፉን ጫፍ አስጨበጠችኝ። የሚፈታ ቋጠሮ አለ፤ ያልተፈታውን በቢላ ቆረጡት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቤቱ መሬት ላይ ነበር። አዬዮ በርከክ ብለው ምንጣፉን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳበሱት፤ ዓይናቸው ብዙ አያይም፣ ጣታቸው ግን ያውቃል። የሞተውን ወዲህ፣ ደህናውን ወዲያ። ደህናው ሦስት ነው። አንደኛው እናታቸው ያኘኩት ነው፤ ከልጡ ውፍረት ለዩት።

ሦስቱን ጠቅልለው ለልጅቱ ሰጧት። እሷ ተቀበለቻቸውና በላያቸው ተቀመጠች።

የኮሚሽኗ ሴት ሐሙስ ከረፋዱ ደረሰች። እንደ ድምፅዋ ቀጭንና የደከመች ናት። መኪናዋ ቆሞ ወረደች፤ የተቆለለውን ምንጣፍና የተነቀሉትን ሥሮች አየች፤ እኔን አየች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ጉልቻውም ጭምር። ካሜራዋን ከሻንጣው አላወጣችም። መሬት ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

«ለዚህ ቤት አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከውጭ ሲጠይቁኝ እናንተን እጠይቃለሁ፤ እናንተ ስትዘገዩ ውጭ ያሉትን እለምናለሁ። ቆሟል ስትይኝ ቆሟል እላቸው ነበር።»

«እኔም እሳቸው ሲሉኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አዬዮ ምን እንደምንባባል ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጓት። «አማላጇ አንቺ ነሽ?» አሏት። ስተረጉምላት፣ ከገባች ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለች። «እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ላፕቶፗን አውጥታ ፎርሙን ከፈተች። ፎርሙ አንድ ሳጥን አለው፤ ቅርሱን ለጉዳት የሚያጋልጠው ምንድን ነው የሚል። ያኔ የጻፍኩት ድርቅ፣ የከተማ መስፋፋት፣ የወጣቶች ፍላጎት ማጣት የሚል ነበር። ሁሉም ሰው የሚጽፈው ነው።

«ይህን ምን እናድርገው?» አለችኝ።

«ላስተካክለው።»

ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ የኮሚሽኗ ሴት ሁለት ቃል አቃናችልኝ እንጂ አላጣደፈችኝም። ስጨርስ አዬዮ «አንብቢልኝ» አሉ። ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ቤቱ በየጊዜው እየተነቀለ፣ በእሳት ጭስ እየታጠነ የሚኖር ነው፤ እንዲታይ ሲባል በአንድ ቦታ ያለ እሳት እንዲቆም ተደረገ፤ ያቆመው የቢሮው ተጠሪ ነው፤ በዚህ ምክንያት በምስጥ ተበላ፤ ባለቤቷ ሳታውቅ ተታለለች።

«እሱን አውጪው» አሉ አዬዮ።

«የቱን?»

«ተታለለች ያልሽውን። እኔ ምስጥ አላውቅም? ጉልቻውን ስታስወጪኝ አውቄያለሁ። የማላውቀው አገር ሰዎች ቤቴን ሊያዩ ነው ስትዪኝ ደስ ስላለኝ ነው እሺ ያልኩት። ሁላችንም ነን ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አያቷን አየች። ከዚያ እኔን።

«ጻፊው፣ አክስቴ» አለች።

አጠፋሁና እንዳሉት ጻፍኩ። የኮሚሽኗ ሴት አነበበችው፤ «ሁላችንም» የሚለውን መስመር እንዳለ ተወችው። ፎርሙ ስለተቀየረ ግን አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል አለች፤ ይህን ስትናገር ፊቷ ቀላ። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀቱም የማኅተም ቀለሙም ነበረኝ፤ ሁልጊዜ አይጠፋም። አዬዮ ፊት ዘረጋሁት። ጣታቸውን ነክረው አንዴ ቆሙ።

«ሆዮ፣ ጣቴን ውሰጂ፤ የፈለግሽውን ያህል» አሉኝ። «ቤት ግን ከእንግዲህ ማንንም አታስቁሚ።»

«እሺ።»

አተሙ። ሌሎቹም ተራ በተራ። ልጅቱ መጨረሻ ላይ መጣች፤ ጣቷን ሳይሆን እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፤ ስሟን ጻፈች። ወዲያው ወደ መንገዱ ወጥታ ወደ ሽንሌ የሚሄድ ኢሱዙ አስቆመች። ሦስቱን ጥቅል አንስተን ጫንንላት። ልጇን አቅፋ በላያቸው ወጣች።

ፋይሉ አሁን የት እንደደረሰ አላውቅም። ውጭ ነው ይላሉ። ያቺ ሴት ሰሞኑን ደውላ መልስ አልመጣም አለችኝ። እኔም አዲጋላ ደውዬ ያንኑ ነገርኩ፤ መልስ አልመጣም ብቻ አልኩ፤ ትንሽ ነው የቀረው አላልኩም።